የተስተካከለ ፊት

አባቴ ልብስ ሰፊ ነው። አምና አንድ ቀን ጠዋት፣ ከአልጋው ሲነሳ የግራ ፊቱ ወርዶ፣ አፉ ወደ ጎን ተጣሞ አገኘነው። እጁ ስለተረፈለት ወደ ስፌት መኪናው ተመለሰ፤ ፊቱ ግን እንደዚያው ቀረ። ከዚያ ወዲህ ካሜራ ባየ ቁጥር አንድ ሰበብ ፈጥሮ ሹልክ ይላል።

የሰርጌን ቀሚስ የሰፋልኝም እሱ ነው። ሲጨርስ፣ «ፎቶውን ከእናትሽ ጋር ተነሱ፤ እኔን ተዪኝ» አለኝ።

«በሞቴ አባዬ! አንተ ከሌለህበት እኔም አልነሳም።»

ለምኜ ለምኜ እሺ አሰኘሁት።

የሰርጉ ቀን ጢሙን ሙልጭ አድርጎ ተላጭቶ አጠገቤ ቆመ። ፎቶ አንሺው፣ «አባባ፣ ትንሽ ፈገግ ይበሉልኝ» አለው። አባቴ ዞር ብሎ አየኝና ፈገግ አለ። ግማሽ ፊቱ ሳቀ፤ ግማሹ ዝም አለ። ከእንግዶቹ መሀል አንዷ ክትክት ብላ ሳቀች። አባቴ ግን ክንዴን እንደያዘ ከቦታው ንቅንቅ አላለም።

በሳምንቱ ስቱዲዮ ሄጄ ፎቶውን ኮምፒውተሩ ላይ አየሁት።

«ላስተካክልልሽ?» አለኝ ፎቶ አንሺው። «አፋቸውን ማቅናት የደቂቃ ሥራ ነው።»

አባቴን ደስ የሚለው መሰለኝ። «አስተካክልልኝ» አልኩት።

በትልቁ አሳጥቤ፣ ፍሬም አስገብቼ፣ የሚሰፋበት ሱቅ ድረስ ወሰድኩለት። «አየህ እንዴት እንዳማረብህ!»

መነጽሩን አድርጎ ብዙ አየው።

«ይሄ ሰውዬ ማነው?»

«አንተ ነህ እንጂ፣ አባዬ!»

«አይደለሁም» አለ ቀስ ብሎ። «እኔ ያን ቀን ሰው ሁሉ እያየኝ፣ ያለኝን ፊት ይዤ ቆምኩልሽ። ለካ አንቺም ታፍሪብኛለሽ።»

ፍሬሙን ይዤ እየሮጥኩ ስቱዲዮው ተመለስኩ። ፎቶ አንሺው ኮምፒውተሩን ሲበረብር ቆይቶ ራሱን ነቀነቀ፤ የመጀመሪያውን አጥፍቶታል። አባቴ ደግሞ በሰርጉ ቀን ከዚያች ሌላ ፎቶ አልተነሳም።

ማታውኑ እግሩ ላይ ወድቄ ይቅርታ ጠየቅሁት። «ተነሽ፣ ምን ሆነሻል» ብሎ ግንባሬን ሳመኝ። ቂም አልያዘብኝም፤ እሱ ነው የሚብስብኝ። ከወራት በኋላ ደፍሬ፣ «እንደገና አብረን እንነሳ?» አልኩት።

«ያቺ አንዷ ትበቃኛለች፣ ልጄ» አለኝ።

ፍሬሙን ከአልጋ ሥር ከትቼዋለሁ። ባሌ ለምን አንሰቅለውም እያለ ይጠይቀኛል። እስካሁን አልነገርኩትም።