የማይበላሸው መጭመቂያ

አሶሳ ውስጥ ክረምቱ አንዴ ከያዘ አንሶላ አይደርቅም። በልብስ እጥበት ማኅበሩ ግቢ በቀርከሃ ላይ የተሰጣው ሁሉ ዝናብ በመጣ ቁጥር ተሰብስቦ ከቆርቆሮው ሥር ይገባል። እዚያም እንደተንጠለጠለ መሽተት ይጀምራል። አጣቢዎቹ ብዙወርቅና ሳሌም አንሶላውን ጫፍና ጫፍ ይዘው፣ አንዷ ወደ ቀኝ ሌላዋ ወደ ግራ እየጠመዘዙ ይጨምቁታል። የብዙወርቅ የእጅ አንጓ ካበጠ ቆይቷል።

አንድ ጠዋት የማኅበሩ ዋና ደንበኛ፣ የሆቴሉ ባለቤት አቶ ሕብረት፣ አንሶላ ክንዳቸው ላይ ጥለው መጡ።

«እንግዳዬ ምን አለኝ መሰላችሁ? ‹ከእንቁራሪት ጋር ነው ያስተኙኝ› አለኝ። በነሐሴ መጨረሻ ትልቅ ስብሰባ አለብኝ። ያኔም እርጥብ ካመጣችሁልኝ፣ በቃ፣ ሌላ አጣቢ እፈልጋለሁ።»

የሆቴሉ ሥራ ከሄደ ለማኅበሩ የሚቀረው የጎረቤት ጋቢ ብቻ ነው። ብዙወርቅ ደግሞ ልጆቿን የምታሳድገው በዚሁ አንሶላ ነው። ስለዚህ ውኃ የሚጨምቅ ማሽን ይገዛ ተባለ። ሊቀ መንበሩ አቶ አሳምነው የግዢ ኮሚቴ አቋቋሙና ራሳቸውን ሰብሳቢ አደረጉ።

ሻጩ ሁለት ማሽን አሳየ። አቶ አሳምነው ትንሹን በጣታቸው ገፋ አድርገው «ይሄ ይነቃነቃል» አሉ። ትልቁን ግን እንደ ሐብሐብ አንኳኩት፤ ጆሯቸውንም አስጠግተው አዳመጡት። ከዚያ በትከሻቸው ገፉት። ንቅንቅ አላለም።

«ይሄ ዕድሜ ልክ ነው» አለ ሻጩ።

«በደንብ ይጨምቃል ወይ?» አለች ሳሌም።

«አንቺ ልጅ፣ እኛ የምንመርጠው ጥንካሬ ነው።»

ማሽኑ በሰፈሩ ጎረምሶች ትከሻ ገብቶ ከነላስቲኩ ተተከለ። ብዙወርቅ እርጥብ አንሶላ ታቅፋ መጥታ ላስቲኩን ልትገልጥ ስትል አቶ አሳምነው ጮኹባት።

«ተይ! ምን ነካሽ? ላስቲኩ ከተነሣ እኮ አዲስነቱ አበቃ!»

ባለቤታቸው ወይዘሮ ማሚቱ ነጭ ዳንቴል ሠርተው አለበሱት። የምርቃቱ ቀን ሪባን ተቆረጠ፣ ተጨበጨበ። እነብዙወርቅ ግን የሚጨምቁበትን ባልዲ ይዘው ዞር እንዲሉ ተነገራቸው። ፎቶው ውስጥ ይገባል ተብሎ ነው።

ነሐሴ እያለቀ ሄደ።

«አቶ አሳምነው፣ ስብሰባው ደረሰ» አለች ብዙወርቅ። «እጄም እምቢ ብሎኛል። ይሄ ነገር አሁን ካልተከፈተ መቼ ሊከፈት ነው?»

«ስሚኝ ብዙወርቅ። ዋስትናው መቆጠር የሚጀምረው ሥራ ከጀመረበት ቀን ነው። ካልጀመረ አያልቅም። የማያልቅ ዋስትና ያለው ማሽን በክልሉ ውስጥ ማን አለው?»

«ወላሂ እውነታቸውን ነው፣ እትዬ ብዙ» አለች ሳሌም። «ሬሳም እኮ አይታመምም።»

በስብሰባው ዋዜማ አቶ ሕብረት ራሳቸው መጡ። አንሶላውን ጨበጥ ሲያደርጉት ውኃው በእጅጌያቸው ውስጥ ወረደ። ሊቆጡ ዞር ሲሉ ዳንቴሉን አዩ።

«ይቺ ሙሽራ ደግሞ ማናት?» ብለው ገለጡት። «መጭመቂያ እያላችሁ ነው?»

«እንዲበረክት ብለን ነው» አሉ አቶ አሳምነው።

«ሽጡልኝ። በአዲስ ዋጋ።»

አቶ አሳምነው ፊታቸው በራ። ኮሚቴውን እዚያው ቆመው ሰበሰቡ። «አያችሁ? ክረምቱን ሙሉ እኛ ጋር ከርሞ ከዋጋው ሰባራ ሳንቲም አልቀነሰም! ጥንካሬ ማለት ይሄ ነው» አሉ። ኮሚቴው አጨበጨበ።

አቶ ሕብረት እርጥቡን አንሶላ በሙሉ ከማሽኑ ጋር አስጫኑ። «የሚያሠራው ሰውም ያስፈልገኛል» ሲሉ ብዙወርቅ ሽርጧን እንኳ ሳትፈታ ከሳሌም ጋር መኪናው ላይ ወጣች። ሆቴሉ እንደደረሱ ላስቲኩን በጥርሷ ቀደደችው። ማሽኑ አጉረመረመ፣ ተሽከረከረ፣ ውኃውን በቱቦው ተፋ። የስብሰባው እንግዶች በደረቅ አንሶላ ተኙ።

ማኅበሩ ግቢ የቀረው ዳንቴሉ ነው። በጭነቱ ግርግር ጭቃ ላይ ወድቆ ተረግጧል። አቶ አሳምነው የሚስታቸውን ቁጣ ፈርተው በገዛ እጃቸው አጠቡት። ሊጨምቁት አነሡና ሌላውን ጫፍ የሚይዝላቸው ሰው ፈለጉ። ማንም አልነበረም። ስለዚህ አንዱን ጫፍ ከቀርከሃው ጋር አስረው፣ ዝናቡ ሳይመለስ፣ ብቻቸውን ይጠመዝዙት ጀመር።