የማሂ ሄልሜት

ሰው በስድሳ ስድስት ዓመቱ ሞተር ሳይክል ላይ ሬዲዮ ያስገጥማል? አዎ፣ ያስገጥማል። ሀብተ ማርያም አስገጥሟል። ልደታ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ከባለቤቱ ከመሰለች ጋር የሚኖር፣ ዕድሜውን በመንገድ ሥራ መኪና ላይ የጨረሰ ጡረተኛ ነው። ሞተሯም አብራው ያረጀች፣ ከአንድ ኤምባሲ ጨረታ የገዛት ጀርመን ሠራሽ ናት፤ ሰፊ ኮርቻ፣ ግራና ቀኝ ሁለት ሣጥን፣ አገር ለአገር ለመዞር የተሠራች። መሰለች "ጣውንቴ" ትላታለች። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን እንኳ አልተቀመጠችባትም። "ከጣውንት ጋር ምን አጋፋኝ!" ብላ ነው።

የኋላው ወንበር የማሂ ነበር። ማሂ አንድ ልጃቸው ናት። ትንሽ ሳለች ከአባቷ ጀርባ ተለጥፋ፣ ከልደታ እስከ ዝዋይ አፏን አትዘጋም፤ ነፋሱ ግን ቃሏን ሁሉ እየነጠቀ ይወስደዋል። እሱ "ምን አልሽ?" ይላል፤ እሷ ትጮኻለች፤ እሱ ደግሞ "ምን አልሽ?" ይላል። እንዲህ እንደተጯጯሁ ዝዋይ ይደርሳሉ። አድጋ ነርስ ሆነች፤ ጅማ ተመደበች። ባለፈው ወር ከደመወዟ አጠራቅማ ሁለት አዳዲስ ሄልሜቶች ላከችለት። ጆሮው ጋ ድምፅ ማጉያ፣ አፉ ጋ ማይክ አላቸው፤ ከፊትና ከኋላ የተቀመጡት እንደ ስልክ ያወሩበታል። ካርቶኑ ላይ በእስክሪብቶ "አባዬ፣ ከእንግዲህ 'ምን አልሽ?' የለም" ብላ ጽፋበታለች። ካርቶኑን አልጣለውም፤ ቁም ሣጥኑ ላይ አለ።

ሬዲዮው የራሱ ሐሳብ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ አብረውት የሚነዱ አራት ጓደኞች አሉት። ኔትወርክ በሚጠፋበት መንገድ ከሞተር ወደ ሞተር የሚያነጋግር ሬዲዮ ሁሉም አስገጥመው እሱ ብቻ ቀርቶ ነበር። በዚህ ቅዳሜ አምስቱም ወልቂጤ ድረስ ሄደው፣ ለዓመት ፈቃዷ ከጅማ በአውቶቡስ የምትመጣውን ማሂን ሊቀበሉ ተቃጥረዋል። ከዚያ ማሂ ከአባቷ ኋላ ተቀምጣ፣ አዲስ አበባ ድረስ እያወራች ልትገባ ነው።

ሐሙስ ዕለት ሞተሯን አብነት፣ ሙኒር ጋራዥ አስገባት። ሙኒር እጀ ወርቅ ኤሌክትሪሺያን ነው፤ ብቻ ወሬ ሲወድ ለጉድ ነው። አንዲት ሽቦ ሳይቆርጥ ሦስት ቀልድ ያወራል። ያን ቀን ግን ዝም። አንቴናውን ከኋላ ተከለ፣ ሬዲዮውን መሪው ፊት አሰረ፣ ድምፁ በሁለቱም ሄልሜቶች እንዲሰማ አገናኘው፤ ይህን ሁሉ ሲሠራ አንድ ቀልድ አልወጣውም። ሀብተ ማርያም "ሚስትህ አኩርፋሃለች እንዴ?" ብሎ ሊያስቀው ቢሞክር፣ "ኧረ ሰላም ነው ጋሼ" ብሎ አቀረቀረ።

አንድ ነገር ብቻ አስቸገረ። ሞተሯ ስትነሳ ሬዲዮው ጥዝዝዝ ይላል፤ የዓለም ንብ ሁሉ ሄልሜቱ ውስጥ የገባ ይመስላል።

"ከካንዴላው ነው ጋሼ" አለ ሙኒር። "አሮጊት አይደለች? ታጉረመርማለች።"

የማሂን ሄልሜት ለሙከራ አብርቶ ውስጥ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። ሀብተ ማርያምን ደጅ፣ ሞተሯ ላይ አስቀምጦ የራሱን ሄልሜት እንዲያጠልቅ አደረገው። ከዚያ ቁጢጥ ብሎ የሬዲዮውን ኔጋቲቭ ገመድ ፈታና ከሻንሲው ጋር አስሮ ብሎኑን አጠበቀ። "ትንሽ ትሙቅ፤ ጩኸቱ ይመለስ አይመለስ እንደሆነ ያዳምጡልኝ" አለና ወደ ውስጥ ገባ።

ሀብተ ማርያም አዳመጠ። ጥዝታው ቀጠነ፣ ቀጠነና ጠፋ። ሄልሜቱ ውስጥ ጸጥታ ሆነ። በጸጥታው ውስጥ፣ ልክ አጠገቡ የቆመ ያህል፣ የሰው ድምፅ መጣ።

"አልነገርከውም አይደል?"

በሱፍቃድ ነው። የእድራቸው ሊቀ መንበር፣ የሠላሳ ዓመት ጓደኛው። በጓሮ በር ገብቶ መሆን አለበት።

"ኧረ ወላሂ! በምን አፌ?" አለ ሙኒር። "እውነት ማሂ ናት ግን? ሰው ተሳስቶ እንዳይሆን።"

"አጎቷ እዚያው ጅማ አይደል የሚኖረው፣ ሄዶ አይቷታል። ትናንት ማታ ከሥራ ስትወጣ የተሳፈረችበት ባጃጅ ተገልብጦ ነው። ሆስፒታል እንኳ አልደረሰች። አስከሬኗ ሌሊቱን ይገባል። አባትየውንም እናትየውንም ነገ ሳይነጋ፣ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ እናረዳቸዋለን።"

"ስልካቸውስ?"

"የሱ እኔ ጋ ነው። የመሰለችን ጎረቤቷ ቤርሳቤህ ይዛዋለች። አንተ ብቻ ሞተሩን እስኪመሽ እንዳትሰጠው። ከሰው ጋር እንዳይገናኝ። ይብሉ፣ ይተኙ። ይቺን አንድ ሌሊት እንኳ…"

ሬዲዮው ጸጥ እንዳለ ነው። የሙኒር ሥራ ጥሩ ነበር።

ሀብተ ማርያም አላለቀሰም። ምንም አልተሰማውም፤ እሱን ራሱን የገረመው ይሄ ነው። ጥርስ ሊነቅሉለት መርፌ እንደወጉት መንጋጋ፣ መላ አካሉ የራሱ አልመስል አለው። የነዳጁን መርፌ አየ፤ ሩብ ነው። የጓንቱ አውራ ጣት ተተርትሯል። ማሂ ሞታለች። ጓንቱን ማሰፋት አለበት።

ከዚያ ነገሩ አንድ በአንድ ገባው። ጠዋት በሱፍቃድ "የኔ ባትሪ ዘግቷል፣ አንዴ ልደውልበት" ብሎ ስልኩን ይዞ መጥፋቱ። ቆይቶ መጥቶ ምሳ ካልጋበዝኩህ ማለቱ፤ ክትፎ አዝዞ "አፈር ስሆን!" እያለ ማጉረሱ። የሙኒር ዝምታ። ምነው ታዲያ አልነቃም? እሱ እኮ ስንቱን አርድቷል! ስልክ ቀድሞ መውሰድን እድሩን ያስተማረ ራሱ ነው። አንድ ጊዜ ወጣቶቹ "ሐዘንተኛው ወዲያው የማወቅ መብት አለው" ብለው ሲከራከሩ ብድግ ብሎ፣ "ልጆቼ፣ ሐዘኑ ዕድሜ ልኩን አብሮት ነው፤ የትም አይሄድም። የመጨረሻዋን እንቅልፉን ከነጠቃችሁት ግን ማን ይመልስለታል?" ያለው እሱ ነው። ያን ቀን ተጨብጭቦለት ነበር። ወይ ጭብጨባ!

የሱ እንቅልፍ እንግዲህ ሄዷል። የመሰለች ግን ገና አለ። ከአሁን እስከ አሥራ አንድ ሰዓት፣ ልጅ ያላት እናት ሆና ትቆያለች። በዚህ ምድር ላይ ሊሰጣት የሚችለው የቀረ ነገር ቢኖር ይሄ ብቻ ነው። ሆድ ይፍጀው አለና ሞተሯን አጠፋ።

ሙኒር እጁን በጨርቅ እየጠረገ ወጣ። "ጠፋ ጋሼ?"

"ጠፋ። እጅህ ይባረክ።"

"ግን ገና ነው፣ የሚቀር ነገር አለ። ማታ ቢወስዷት…"

"አልቋል ሙኒር። የማሂን ሄልሜት አምጣልኝ።"

ሙኒር ገባና ቆየ። ጠረጴዛው ላይ የሄልሜቱ አረንጓዴ መብራት ብልጭ ድርግም ትላለች። አይ ሙኒር! ያሉት ሁሉ ደጅ ድረስ መሰማቱ ያን ጊዜ ነው የገባው። ሄልሜቱን ታቅፎ ወጣ።

"ጋሼ ሀብቴ፣ እኔን አፈር ያስበላኝ…"

"ምንም እንዳትል" አለው ሀብተ ማርያም። "ለማንም።"

ኮንዶሚኒየሙ ግቢ ሲደርስ መሰለች አግዳሚው ላይ ተቀምጣለች፤ አራት ሴቶች ከበዋታል። ሥራ የሌላት የምትመስል አንዲት እንኳ የለችም፤ ግን ማናቸውም ከአጠገቧ ንቅንቅ አላሉም። ልክ ስታየው ብድግ አለች።

"ሀብቴ! ዛሬ ይሄን ግቢ ምን ነክቶታል? እንደ ሙሽራ ከበውኝ ዋሉ እኮ! ቤርሳቤህ ስልኬን ወስዳ ቻርጅ ላይ ነው ትለኛለች። እስቲ ያንተን ስጠኝ፣ ማሂ ጋ ልደውል።"

"በሱፍቃድ ጋ ረሳሁት። ደግሞ ዛሬ ተረኛ ናት፣ አታነሳም።" ውሸቱ እንዲህ ሳያደናቅፈው መውጣቱ ገረመው።

"እንጃ ብቻ" አለች መሰለች፣ "ሆዴ ባብቶ ነው የዋለው።"

ቤርሳቤህ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ትከሻዋ ይርገፈገፋል። ሀብተ ማርያም አየና ገባው፤ መሰለች እዚህ አምስት ደቂቃ ብትቆይ ነገሩ አበቃለት። የማሂን ሄልሜት ዘረጋላት።

"ነይ እስቲ፣ የልጅሽን ሄልሜት ሞክሪላት። ቅዳሜ እንዳያስቸግራት።"

"እኔ? ከጣውንቴ ጋር?" ሳቀች። ሄልሜቱን አገላብጣ አየችው። "በል እሺ። ለማሂ ከሆነ እሺ።"

ሃያ ሁለት ዓመት እምቢ ያለችው ሴትዮ ቀሚሷን ሰብስባ ወጣች፤ ወገቡን ሙጭጭ አድርጋ ያዘች። ሴቶቹ ቆመው ቀሩ። አንዷም ልታስቆማቸው ድፍረቱ አልነበራትም።

"እመቤቴ ድረሽ! ጆሮዬ ውስጥ ነህ እኮ!" አለች ገና ከግቢው ሳይወጡ። "መጮህ የለም? እንዲሁ ላውራ?"

"እንዲሁ አውሪ።"

አወራች። የማሂን አንሶላና ብርድ ልብስ እንዳጠበች፣ ዶሮ ቅዳሜ ማለዳ እንደምትገዛ፣ በርበሬው እንዳይበዛባት። "ስለ ማግባት ደግሞ ዘንድሮ አንዲት ቃል አልተነፍስም፤ ምያለሁ። ባለፈው ጨቅጭቄያት አኩርፋኝ ነው የሄደችው" አለች። እሱ "እህ" ይላል። ማይኩ ከከንፈሩ ሁለት ጣት ነው የሚርቀው፤ ትንፋሽ እንኳ ያሳልፋል። ፊቱን አታየውም፤ ፊቱ እንደፈለገ ይሁን። መጠበቅ ያለበት ትንፋሹን ነው። በአፍንጫው ብቻ፣ ቀስ እያለ ተነፈሰ። እንባ ቢመጣ ኖሮ እንኳ በቀለለው፤ አልመጣም። የሚሰማው የመሪው ንዝረት ብቻ ነው።

ልደታ ማርያም ጋ መኪናው ተጨናንቆ አቆማቸው። መሰለች ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ዞራ እጅ ነሣች፤ ሄልሜቷ ከጀርባው ጋር ተጋጨ።

"ልደታዬ፣ ልጄን በሰላም አምጪልኝ" አለች።

ዓይኑን ከፊቱ ካለው መኪና ላይ አልነቀለም።

"አሜን በል እንጂ ሀብቴ!"

"አሜን" አለ።

ጦር ኃይሎች ሳይደርሱ ሬዲዮው ኳ አለ፤ ያ ጥዝታ የሌለበት ጥርት ያለ ድምፅ መጣ። ሔኖክ ነው፣ ከአምስቱ ሞተረኞች በዕድሜ ትንሹ፣ ሁሌም ችኩሉ። "ጋሼ ሀብቴ፣ ይሰማል? አሁን ነው የሰማሁት ጋሼ፣ ማመን አቅቶኛል፣ እግዚአብሔር…"

ሀብተ ማርያም እጁ ከመሪው መቼ እንደተነሣ አያውቅም። የሬዲዮውን ቁልፍ ጠምዝዞ ዘጋው። ሞተሯ ተወዛወዘች፤ መሰለች ጮኸች፤ ከኋላ ያለ ሚኒባስ ክላክስ ለቀቀባቸው።

"ምንድን ነው? ማነው?"

"ሔኖክ ነው። ለቅዳሜው መንገድ እግዚአብሔር ያቅናችሁ እያለ ነው።"

"ማመን ያቃተው ምኑን ነው?"

"አንቺ ሞተር ላይ መውጣትሽን። ሰው ነግሮት ነው መሰለኝ።"

"አይ ሔኖክ!" ከት ብላ ሳቀች። ሳቋ ሁለቱንም ጆሮውን ሞላው። ቀጥላም፣ "ሀብቴ፣ ሃያ ሁለት ዓመት ምን ነክቶኝ ነው እምቢ ያልኩት?" አለች። "ለካ እናንተ አባትና ልጅ ይሄን ስታዩ ነው የምትውሉት! አንድ ዙር ጨምረኝ።"

ጨመራት። አንዱን ዙር ሦስት አደረገው። ነዳጁ ቀይ መስመር ሲነካ፣ ፀሐዩ ዘቅዘቅ ሲል፣ ወደ ግቢው መለሳት።

በሱፍቃድ በር ላይ ቆሟል፤ ፊቱ አመድ መስሏል። ከጥበቃው ቤት ኋላ የእድሩ ድንኳን ተጠቅልሎ ተጋድሟል፤ ሸራ ጣል አድርገውበታል። መሰለች አላየችውም። ጉልበቷን ይዛ እየሳቀች ወረደች። ሄልሜቱን ሊያወልቅላት እጁን ቢዘረጋ፣ "ተወኝ፣ በመስታወት ሳላየው አላወልቀውም!" ብላ ደረጃውን ተያያዘችው። ቁና ቁና ስትተነፍስ ጆሮው ውስጥ ይሰማዋል። አንደኛ ፎቅ፣ ሁለተኛ ፎቅ።

"አንተ ሰው፣ የት ይዘሃት ሄድክ?" አለ በሱፍቃድ። "ሞተሩ አላለቀም ብለውህ አልነበር? ደግሞ ስልክህን… እኔ እኮ…"

ሀብተ ማርያም ከሞተሯ አልወረደም፤ ሄልሜቱንም አላወለቀም። የተረሳ ማይክ ምን እንደሚያደርግ ዛሬ ተምሯል። መዳፉን አፉ ጋ ያለው ማይክ ላይ ጥብቅ አድርጎ ጫነ።

"ነገ ስትመጡ" አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ለእሷ ቀስ በሉላት። መጀመሪያ አስቀምጧት። ቤርሳቤህ ከጎኗ ትሁን።"

በሱፍቃድ ክንዱን ያዘው። በሁለት እጁ ጥብቅ አድርጎ ያዘው።

"ሀብቴ!" አለች መሰለች ከሦስተኛ ፎቅ፣ ጆሮው ውስጥ። "ማሂን ቁርጥ መስያለሁ እኮ! ና እይ! … ሀብቴ? ምን አልክ?"

መዳፉን ከማይኩ ላይ አነሣ።

"ምንም" አላት። "እራት አቅርቢ፣ መጣሁ።"