ጀግናዋ ለምን አመሰገነች

«በር ቆልፎባት ሲያበቃ ታመሰግነዋለች?» አራሚዋ ረቂቁን ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈችው። ቀይ እስክሪብቶ ያልነካው ገጽ አልነበረም። «ገጽ አንድ ላይ አንበሳ፣ ገጽ መቶ ላይ በግ! ይቺን ልጅ መሀል ላይ ምን ነካት?»

«ፍቅር ነዋ!» አለች ደራሲዋ። «አንቺ ዕድሜ ልክሽን ነጠላ ሰረዝ ስትለቅሚ ኖረሽ ፍቅርን በየት ታውቂዋለሽ?»

«ሁለት ባል ፈትቻለሁ እኮ።»

«ስታርሚያቸው ነዋ የሸሹት!»

መስኮቱ ሥር ኮምፒውተሩ ፊት የተቀመጠችው የደራሲዋ የእህት ልጅ ሳቀች፤ ሳቋ ግን ከጥርሷ አላለፈም።

አክስቷ በእጇ የምትጽፈውን መተየብ የልጅቷ ሥራ ነው። መጻሕፍቱን የሚገዙት እኩዮቿ ስለሆኑም አክስትየዋ ብዕር ከማንሳቷ በፊት፣ «እስቲ ሰውዬው አሁን ምን ያድርግ?» እያለች ትጠይቃታለች። ልጅቷም ትነግራታለች። የምትነግራት ግን ፈጠራ አልነበረም። ስልኳን ቀምቶ መልእክቶቿን አንድ በአንድ ያነበበው፣ ከጓደኞቿ ያቆራረጣት፣ «የት ልትሄጂ ነው?» ብሎ በር ቆልፎባት ከቀትር እስከ ምሽት የጠፋው የገዛ እጮኛዋ ነው። በራሷ ስም ለመናገር አፍራ በጀግናዋ ስም አወራችው። አክስቷ «ይሄማ ነውር ነው» ትላለች ብላ ጠበቀች።

አክስቷ ግን አጨበጨበች። «አቤት ምናብ! ከየት ነው የምታመጪው? ታዲያ ሲመለስ አበባ ይዞ ይምጣ። ስለሚወዳት እኮ ነው የሚቀናው።»

አንድ ጊዜ ልጅቷ፣ «ጥላው ብትሄድስ?» ብላ ነበር።

«ትሂድ? ከዚያ አንባቢው ምን ሊያነብ ነው፣ የአውቶቡስ ትኬቷን?»

ስለዚህ አበባውን፣ ዕንባውን፣ እቅፉን ተየበችው። ሲተየብ ያምር ነበር። በእሷ ላይ የደረሰው አበባ አልነበረውም፤ እሷ ግን ምናልባት ወደፊት ይመጣ ይሆናል አለች።

ዛሬ አራት ሰዓት ላይ እጮኛዋ ይመጣል። ከተማው ዳር ቤት ተከራይቷል፤ ሥራዋን እንድትተውም ተነጋግረዋል፤ ማለትም እሱ ተናግሯል። ታች ወደሚያቆመው መኪና ከወረደች አብራው ትኖራለች፣ ካልወረደች አበቃ። እሺም እምቢም አላለችውም። ከትናንት በስቲያ በሩ የሚቆለፍበትን ምዕራፍ ከሌላው አስቀድማ ለአራሚዋ የሰጠቻት ራሷ ነበረች፤ አንድ ሰው ነውሩን ነውር እንዲለው። አሁን አራሚዋ ብላዋለች።

«ታዲያ ምን ይሁንልሽ?» አለች ደራሲዋ ድምጿ ለዘብ ብሎ። «ሴትን ታዋርዳለች መባልንማ አልፈልግም።»

ልጅቷ ጣቶቿን ከፊደላቱ ላይ አነሳች።

አራሚዋ መነጽሯን አውልቃ አሰበች። «ቢያንስ አፏን ይዛ አይቆለፍባት። አንድ ነገር ትበል።»

«‹እኔን ማንም አያዘኝም!› ትበለው?»

«በኃይለ ቃል።»

«ብላ በጥፊ ታጮለዋለች! ከዚያ ይቆልፍባት።»

«እንዲህ ነው እንጂ! አሁን ወንድ ሆነች።» አራሚዋ በኅዳጉ ላይ ምልክት አደረገችና ወደ መስኮቱ ዞረች። «አስገቢው እስቲ፣ የኔ ልጅ።»

ልጅቷ አስገባችው። ከዚያ፣ «እትዬ፣» አለች፣ «በሩስ?»

«የቱ በር?»

«የሚቆልፈው።»

«እሱማ ታሪኩ ነው። ታሪክ ማረም የኔ ሥራ አይደለም።»

«ሰማሽ?» አለች ደራሲዋ ደስ ብሏት። «በይ አሁን ወደ ሽፋኑ። ሞተር ሳይክል ላይ ትቀመጥ።»

«በቀሚስ?»

«በሱሪ እንጂ! ዘመናዊ ልጅ አይደለችም እንዴ?»

ታች መኪና ሁለት ጊዜ ጥሩምባ ነፋ። ልጅቷ ሁለቱን ሴቶች ተራ በተራ አየቻቸው፤ ጭንቅላታቸውን አገናኝተው ወረቀት ላይ አጎንብሰዋል። የተየበችውን አስቀመጠች፣ ኮምፒውተሩን አጠፋች፣ ቦርሳዋን አነገተች። በአጠገባቸው ስታልፍ አክስቷ ዓይኗን ከወረቀቱ ሳታነሳ እግሯን ሰብሰብ አደረገችላት።

ደረጃውን ስትወርድ ሁለተኛው ፎቅ ድረስ ድምፃቸው ይሰማት ነበር። በሱሪው ቀለም አልተስማሙም።