የሲስተር አይናለም አበባ

«ለተከበራችሁ የኒውላንድ ሰፈር ነዋሪዎች በሙሉ! ይህ አዋጅ ከተለጠፈበት ደቂቃ ጀምሮ በመምህር ገሠሠ ግቢ የምትገኘውን አበባ ውሃ ማጠጣት፣ ለማጠጣት መሞከርም ሆነ ለማጠጣት አስቦ ጀሪካን ይዞ መገኘት በጥብቅ የተከለከለ ነው።»

መምህር ገሠሠ ወረቀቱን በቆርቆሮው በር ላይ በመዳፉ ደግፎ ቆሟል። የዱቄቱ ሙጫ በመጋቢት ሐሩር ሳይዝ እየደረቀ፣ እጁን ባነሳ ቁጥር አዋጁ ይወድቅበታል። ጋምቤላ ክልል ከሆነች ገና መንፈቋ ነው፤ በከተማው አዋጅ ሳያወጣ የቀረው እሱ ብቻ ነበር።

«‹ለማጠጣት አስቦ› የሚለው አልበዛም?» አለ ገሠሠ።

«ሕግ ቀዳዳ አይኑረው፤ ጠበቅ ይበል!» አለው ዘገየ። አርቃቂው እሱ ነው፤ የግብርና ባለሙያም፣ የገሠሠ ወዳጅም ነው።

አበባዋ ሳልቪያ ትባላለች። ቅጠሏ ሲታሽ የዳማከሴ ዘመድ ትመስላለች፤ ሐምራዊ ናት፤ ፀሐይ ትወዳለች፤ ውሃ ሲበዛባት ታኮርፋለች። ገሠሠና ሚስቱ አይናለም ወደዚህ የተመደቡ ጊዜ፣ አይናለም ከጎሬ እስከ ጋምቤላ በጭነት መኪና ጋቢና ውስጥ በወተት ጣሳ ታቅፋት መጣች። ሾፌሩ «ልጅ ነው እንዴ?» ብሎ ሲቀልድ፣ «እስኪወለድ ድረስ እሷ ትሁን» አለችው። ልጁ ሳይወለድ ቀረ። አበባዋ ግን ባሮ ጎድሎ አሸዋው ሲታይ፣ የጎረቤት ሣር ሁሉ ገለባ ሲሆን፣ ብቻዋን ትፈካለች። ማታ ማታ በረንዳው ላይ ሲቀመጡ ገሠሠ ሆዱ ባብቶ ሊያጠጣት ጣሳ ካነሳ፣ አይናለም እጁን መታ ታደርገው ነበር።

«ተው! አንተ የጠማህ እንደሆነ ራስህ ጠጣ!»

በጥር አይናለም በወባ ሞተች። ነርስ ነበረች፤ የመንደሩን ግማሽ ልጅ ያዋለደች። ሐዘኑ ሲነሳ ታዲያ ከባሮ ውሃ ቀድተው የሚመለሱት ሴቶች ጎራ እያሉ «ለሲስተር» ብለው አበባዋ ሥር ጥቂት ጠብ ያደርጉ ጀመር። ጥቂት ሲሉ ጥቂት ሲሉ፣ ግቢው ጭቃ ሆነ። ቅጠሎቿ ቢጫ ሆነው ረገፉ። ዛሬ ዘገየ አፈሩን ጫር ጫር አድርጎ አሽትቶ፣ «ሥሯ እየበሰበሰ ነው። ብትነቅላት ትሞታለች። አንድ ጀሪካን ከተጨመረባትም አለቀላት» አለው።

ወረቀቱ በመጨረሻ ሲይዝ፣ ኛሉዋክ ጀሪካን ተሸክማ ከበሩ ደረሰች። ጎረቤት ናት፤ ላቧ በአንገቷ ይወርዳል።

«ቲቸር፣ ይሄ ወረቀት ምን ይላል?»

ገሠሠ ወረቀቱን አየ፤ ቀጥሎ ዘገየን አየ።

«እንኳን ደህና መጣችሁ ይላል።»

ዘገየን ሳል ያዘው።

«ጥሩ ነው» አለች ኛሉዋክ። «ሰው ሁሉ ይመጣል፣ ሲስተርን አይረሳም።»

«ኛሉዋክ… ባሮ እኮ ሩቅ ነው። በዚህ ፀሐይ ለምን ትደክሚያለሽ? ውሃውን ለልጆችሽ አድርጊው።»

«ልጄ ኛኩዎል ስትወለድ በእግሯ መጣች። ሰው ሁሉ ‹ትሞታለች› አለ። ሲስተር ‹ዝም በሉ› አለችና አወጣቻት። እኔ ከብት የለኝም፣ ለሲስተር አልሰጠሁም። ውሃ ግን አለ። ውሃም አትቀበልም?»

ከጀርባዋ ዘገየ ጣቱን እያወዛወዘ ‹እንዳትሞክረው› ይለዋል። ገሠሠ አበባዋን አየ። አንዲት ዘለላ ብቻ ቀርታለች፤ እሷም አንገቷን ደፍታለች። በዚህ ግቢ ከአይናለም እጅ የቀረ፣ ሕይወት ያለው ነገር ሌላ የለም።

ጀሪካኑን ከኛሉዋክ ራስ ላይ በሁለት እጁ ተቀብሎ አወረደ። ክዳኑን ከፈተ። እሷ ከሥሩ ደገፈችለት፤ አብረው እስከ ጠብታው አፈሰሱት። የጠገበው አፈር ውሃውን አልዋጠውም፤ ላዩ ላይ ተኛ።

«አሁን ደስ አላት» አለች ኛሉዋክ፣ ባዶ ጀሪካኗን እያወዛወዘች ስትወጣ።

ዘገየ እስክትርቅ መጠበቅ አቃተው።

«አንተ ሰውዬ ጤነኛ ነህ? ያረቀቅነው ሁሉ ለምን ነበር? ‹ውሃ አይስማማትም› ብትላት ምን ነበረበት? በገዛ እጅህ እኮ ገደልካት! ለምን?»

«አልነግርህም» አለ ገሠሠ፣ ባዶ ጀሪካኗን ይዛ የምትርቀውን ኛሉዋክን በዓይኑ እየሸኘ።