የማያነክሰው ፈረስ

ዶክተሯ ፈረስን ከዓይኗ ይልቅ በመዳፏ ትመረምራለች ይባልላት ነበር። መጀመሪያ አንገቱን ዳበስ ታደርገዋለች፤ ከዚያ እጇን በትከሻው አሳልፋ እስከ ሰኮናው ድረስ ቁልቁል ታወርዳለች። በውድድር ቀን እሷ ያላሳለፈችው ፈረስ ወደ መነሻው መስመር አይቀርብም። ፈረሱ ለመሮጥ ብቁ መሆኑን ማረጋገጥ፣ የተሰጠውም መድኃኒት ከደንቡ እንዳይወጣ መቆጣጠር የሷ ሥራ ነው። ለሰሚው ትልቅ ሥልጣን ይመስላል። እሷም ሥራውን ስትይዝ እንዲያ መስሏት ነበር።

ያን ቀን ጠዋት ዳመና የሚባለውን ግራጫ ፈረስ ሲያቀርቡላት ገና ሳትነካው የግራ ፊት እግሩን አየች። ፈረሱን ታውቀዋለች። ከጥቂት ሳምንታት በፊት በጋጣው በኩል ስታልፍ፣ የግራ ፊት እግሩን ወደፊት ሰደድ አድርጎ፣ ክብደቱን ሁሉ በሌሎቹ ላይ ጥሎ ቆሞ አይታዋለች። ፈረስ እንዲያ የሚቆመው ሲያመው ነው። ዛሬ ግን በአራቱም እግሩ ተደላድሎ ቆሟል። ቁርጭምጭሚቱን ጨበጥ አደረገችው፤ አያተኩስም፣ አላበጠም። እግሩን አነሣችና መገጣጠሚያውን አጥፋ አጥብቃ ያዘችው። ደህና የሚባለው ፈረስ እንኳ ይህን ጊዜ ጆሮውን ወደኋላ ይጥላል፣ ወይ እግሩን ሊነጥቅ ይሞክራል። ዳመና ምንም አላለም። እግሩ የሌላ ፈረስ ይመስል፣ አሻግሮ ሜዳውን ያያል።

«እስቲ በሶምሶማ ያምጡልኝ» አለች።

አሠልጣኙ ራሳቸው ልጓሙን ይዘው ወዲያና ወዲህ አመላለሱት። ሰኮናው በድንጋዩ ንጣፍ ላይ አንድ ወጥ ድምፅ አሰማ። ማንከስ ቀርቶ የረገጠውን የሚመርጥ አይመስልም።

አሠልጣኙ የሟች አባቷ የልብ ወዳጅ ናቸው። እሷን በልጅነቷ ኮርቻ ላይ ያወጧት እሳቸው ነበሩ፤ አባቷ ሲሞትም ታናሽ ወንድሟን ወስደው፣ ግልቢያ አስተምረው፣ እንጀራ ያወጡለት እሳቸው ናቸው። እንደ ባዕድ ልታፋጥጣቸው አትችልም፤ እንደ ዘመድም ዝም ብላ ልታልፋቸው አልሆነላትም።

«ጋሼ፣ መገጣጠሚያው ላይ መርፌ ተወግቷል አይደል?»

«ተወግቷል። መቼ ደብቄሽ አውቃለሁ? የተፈቀደውን መድኃኒት ነው፤ ደንቡ ጠብቁ ያለውንም ጊዜ ጠብቀናል።»

«ሕመሙ ጠፋ እንጂ በሽታው አልጠፋም እኮ። አጥንቱ ተሰንጥቆ ቢሆንስ?»

አሠልጣኙ የፈረሱን ግንባር አሻሹ። «ራጅ ይነሣ ብዬ ነበር። ባለቤቱ ከውድድሩ በኋላ ይደርሳል አለኝ። እኔ እንግዲህ ጋጣ ጠባቂ ነኝ፤ ፈረሱ የሰው ነው። አንቺ አታሳልፊው፣ ልጄ። አንቺ እምቢ ካልሽ ማን ይናገርሻል?»

ባለ ፈረሱ የብረታ ብረት ነጋዴ ነው፤ ሰው አክባሪ፣ ሣቂ። መኪናውን ሳይቆልፍ ሊቀበላት መጣ። ጭንቀቷን ስትነግረው እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ሰማት።

«ዶክተር፣ እኔ ከፈረስ የማውቀው ጭራውንና ራሱን መለየት ብቻ ነው» አለ። «ሐኪሟ እርስዎ ነዎት። አይሮጥም ካሉ አይሮጥም። ይሮጣል ካሉ ደግሞ እኔ ማን ሆኜ አስቀራለሁ?»

ጉዱ እዚህ ላይ ነበር። ሁሉም ወደሷ ያመለክታል፤ እሷ ግን እጇ ታስሯል። ባለፈው የውድድር ወራት አንዱን ፈረስ በጥርጣሬ ብቻ አስቀርታ፣ ባለቤቱ ራጅ አስነሥቶ ንጹሕ ሆኖ ተገኘ። ክስ መጣ፣ ጩኸት መጣ። የውድድሩ ኮሚቴም ተሰብስቦ፣ ዓይን ባላየውና መሣሪያ ባልለካው ምክንያት ፈረስ ማስቀረት አይቻልም ብሎ ደንቡን አጠበቀው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች።

የኮሚቴውን ሰብሳቢ ቢሯቸው ውስጥ ክራባታቸውን እያሰሩ አገኘቻቸው።

«ምን አዩ?» አሏት።

«ምንም አላየሁም። ያስፈራኝም እሱ ነው። ሊያመው የሚገባው ቦታ አላመመውም።»

ሰብሳቢው ክፉ ሰው አይደሉም። የማሾፍ ሳይሆን የምር የቸገራቸው ሆነው ተመለከቷት። «ታዲያ ይህን ቃለ ጉባኤ ላይ ምን ብዬ ላስፍረው? ‹ፈረሱ ደህና ስለሆነ ቀርቷል› ልበል?»

«ራጅ እናንሣው።»

«መሣሪያችን ተበላሽቶ ከቆመ ቆየ፤ ያውቃሉ። ሌላ ቦታ ወስደው እስኪመልሱት ውድድሩ ያልቃል። አልፈርምም ካሉ መብትዎ ነው። ምክትልዎ ይፈርማል።»

ምክትሉ እንደሚፈርም ታውቃለች። እሷ ካልፈረመች ከፈረሶቹ ኋላ በሚከተለው የሕክምና መኪና ላይ የምትወጣው እሷ አትሆንም። ይህን አሰበችና ፈረመች። ስትፈርም የራሷ እጅ እንደዚያ እግር ደንዝዞባት ነበር።

የቀረው ዳመናን የሚጋልበው ወንድሟ ነበር። ክብደቱ ከመቅለሉ የተነሣ ሰፈሩም፣ ጋጣውም «ላባ» ይለዋል። ከሚዛኑ ላይ ሲወርድ እጁን ይዛ ወደ ጥግ ወሰደችው።

«ዳመናን ዛሬ እንዳትጋልበው።»

«ምን ሆነ? አነከሰ?»

«አላነከሰም።»

ላባ ሣቀ። «እታለም፣ አሁንስ እናታችንን መሰልሽ። እሷ ነች ያልመጣውን የምትፈራው።»

«እየቀለድኩ አይደለም። ሳይቃጠል በቅጠል ነው።»

ሣቁን ተወው። «እኔ ብወርድ ሌላው ይወጣል። ከዛሬ በኋላም ጋሼን ዓይናቸውን ማየት አልችልም። ደግሞ ዳመና ያውቀኛል፤ ከከፋው እሰማዋለሁ።»

«ራሱ ያልሰማውን አንተ በምን ትሰማዋለህ?»

ላባ የራስ ቁሩን ማሰሪያ አጠበቀ። «ትንሽ ከተለየብኝ ልጓሙን እስባለሁ። እሺ? በእናቴ ሞት።»

ውድድሩ ሲጀመር እሷ በሕክምናው መኪና ከፈረሶቹ ኋላ ነበረች። ዳመና እንደዚያን ቀን አምሮበት አያውቅም። ወንድሟ ከጀርባው ላይ ተጣብቆ፣ ሌሎቹን አንድ በአንድ እያለፈ መሪ ሆነ። ሕዝቡ ተነሥቶ ይጮሃል። ለአንዲት አፍታ፣ ምናልባት ተሳስቼ ይሆናል ብላ ተስፋ አደረገች፤ ስህተቷን እንደዚያ ተመኝታው አታውቅም። ኩርባው ላይ ላባ ድንገት ወደኋላ ሲለጠጥና ልጓሙን ሲስብ አየችው። ምን እንደተሰማው እሱ ያውቃል። ፈረሱ ግን ሊቆም አልቻለም፤ የፊት እግሩ ደረቅ እንጨት ሲሰበር የሚሰማውን ድምፅ አሰምቶ ታጠፈ። ወንድሟ በፈረሱ አንገት ላይ ተወርውሮ ወደ አጥሩ ተንከባለለ፤ ከኋላ የመጣው ፈረስም ሳይዘልለው ረገጠው።

መኪናው ሳይቆም ወረደች። እግሯ ወደ ወንድሟ ሊወስዳት ሲል ዳመና ተነሣ። በሦስት እግሩ ተነሥቶ፣ አራተኛው እየተወዛወዘ፣ ሌሎቹ ወዳለፉበት ሊሮጥ ይታገላል። መርፌው ሕመሙን ስላጠፋበት መሰበሩን አላወቀም። ለወንድሟ የሰው ሐኪም እየሮጠ ነው፤ ለፈረሱ ከሷ በቀር ማንም የለም። ልጓሙን ጨብጣ በሙሉ ክብደቷ ተንጠለጠለችበት። አሠልጣኙ እያለከለኩ ደርሰው በሌላ በኩል ያዙላት።

«በቃህ፣ የኔ ጌታ፣ በቃህ» ይሉታል እያለቀሱ።

ከአጥሩ ሥር የወንድሟ ጩኸት ይሰማታል። እሷ ጀርባዋን ለጩኸቱ ሰጥታ የመጨረሻውን መርፌ አዘጋጀች፣ የፈረሱን ደም ሥር ፈለገች። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይኸው ነው። ዳመና ቀስ ብሎ ተንበረከከ። ቀና ስትል ወንድሟን የጫነው መኪና ሄዷል።

ላባ ሞትን አመለጠ። ዳሌው ግን ደቆ ነበር፤ ሐኪሞቹ መራመዱን እንጂ መጋለቡን ተስፋ አልሰጡትም። የፈረሱ ደም ምርመራ ውጤት ሲመጣ መድኃኒቱ ከተፈቀደው መጠን በታች ሆኖ ተገኘ። ኮሚቴው መረመረና ማንም ጥፋተኛ የለም አለ። ባለ ፈረሱ ሆስፒታል ድረስ አበባ ልኮ፣ ለጠየቁት ሁሉ «ሐኪሟ አይታ አሳልፋው ነበር» ይላል። አልዋሸም። አሠልጣኙም በየቀኑ እየመጡ ከአልጋው ግርጌ ይቀመጣሉ፤ ካባቷ ቀብር ወዲህ እንዲያ ጎብጠው አይታቸው አታውቅም። ዶክተሯን ቀና ብለው አያዩም፣ እሷም አታያቸውም።

የጎዳት ግን የእናቷ ነገር ነው። እናቷ በኮሪደሩ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ብዙ ከቆዩ በኋላ፣ ቁጣ በሌለው ድምፅ፣ እንዲሁ ነገሩ ያልገባቸው ሆነው ጠየቋት።

«ልጄ፣ ፈረሱን ያየሽው አንቺ አልነበርሽም እንዴ?»

«እኔ ነበርኩ፣ እማዬ።»

ስለ ደንቡ፣ ስለ ራጁ፣ ስለ ምክትሉ ማስረዳት ትችል ነበር። ሁሉም እውነት ነው። እናቷ ፊት ሲደርስ ግን ሰበብ ሆነባት፤ ዋጠችው።

ደንቡ ይሻሻል ብላ ለኮሚቴው አመለከተች። ስብሰባው አንዴ ምልዓተ ጉባኤ አልሞላም ተብሎ፣ አንዴ ሰብሳቢው ታመው ተላለፈ። እስከዚያው ውድድሩ ቀጠለ፤ እሷ አልፈርምም ስላለች ምክትሉ በሷ ቦታ ይፈርማል።

ላባ ከሆስፒታል የወጣ ቀን ደረጃውን በምርኩዝ ሲወጣ ከኋላው ነበረች። ልትደግፈው እጇን ብትሰድ «ተይኝ፣ እታለም፣ ራሴን ልቻል» አላት። መሐል ላይ ትንፋሽ አጥሮት ቆመና ፊቱን ሳያዞር ተናገረ።

«ስቤው ነበር እኮ። ምዬልሽ የለ? ስቤው ነበር።»

«አይቻለሁ» አለችው። «ስበኸዋል።»

«ታዲያ ለምን አልቆመም?»

መልሱን ታውቀዋለች፤ ከሷ የበለጠ የሚያውቀውም የለም። እሱ ግን ቀጣዩን ደረጃ መውጣት ጀምሯል፤ እሷም ከኋላው ተከተለች።