አረንጓዴው ወርቅ

ፈርሃና ለእረፍት ከአዲስ አበባ ነገሌ ስትገባ በቀጥታ የሄደችው ወደ አክስቷ ወደ ካውሰር ሱቅ ነበር። ካውሰር ገበያው ዳር ጨርቅና ሽቶ ይሸጣሉ፤ ልጅቷንም ያሳደጓት እሳቸው ናቸው።

"አካም ጅርታ? ደህና ነሽ? በይ፣ ያ ስትማሪው የከረምሽው ነገር የታለ? አሳዪኛ!" አሏት ገና ሳትቀመጥ።

ፈርሃና ከቦርሳዋ ጥፍር የምታህል የመስታወት ቁራጭ አወጣች። አንዱ ገጿ በስስ ወርቅ ተለብጧል።

"ወደ በሩ ብርሃን አድርገው ይዩዋት፣ አዳዳ" አለች አክስቷን።

ካውሰር አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው አዩ። አረንጓዴ! ዝቅ አድርገው አዩ፤ ወርቅ። እንደገና ወደ ብርሃኑ፤ አረንጓዴ።

"ማነው የቀባው?"

"አልተቀባም። ወርቁ ላይ በዓይን የማይታዩ ቀዳዳዎች ተደርድረዋል። ስፋታቸውንና ርቀታቸውን በኮምፒውተር ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ ውጭ አገር በማሽን በሱልኝ። ከብርሃኑ አረንጓዴውን መርጠው ያሳልፋሉ።"

"ቀለም ሳይኖር ቀለም?"

ካውሰርን ቀለም የሚለቅ ጨርቅ ብዙ ጊዜ አታሏቸዋል። ፈርሃና ሳትደርስባቸው ሽቶ አንስተው መስታወቷ ላይ ጠብ አደረጉ።

አረንጓዴው ጠፋ፤ ብርቱካንማ ሆነ።

"ለቀቀ! አላልኩሽም?"

ፈርሃና ክው አለች። ያላት ናሙና ይቺው ብቻ ናት። ወደ ብርሃኑ ይዛ ስታያት ግን ሽቶው እየተነነ ሄደ፤ አረንጓዴውም ከዳር ጀምሮ ተመለሰ።

ካውሰር የሽቶውን ጠርሙስ ወደ እሷ ገፉላት።

"ድገሚው እስቲ" አሉ ካውሰር።

ውሃ ሞከሩ፤ እንደ ሽቶው ብርቱካንማ ሆነ። ዘይት ሞከሩ፤ በዘይት ቀላ። ሻሽ ልትገዛ የመጣች ደንበኛም ግዢዋን ረስታ አብራ ማየት ያዘች።

"ዘይቱ ለምን ከውሃው ባሰ?" አሉ ካውሰር።

"ኢፋ..." ፈርሃና በኦሮምኛ ጀምራ ቆመች፤ ወደ አማርኛ ተመለሰች። "ብርሃን ዘይት ውስጥ ሲገባ ከውሃው ይበልጥ ይዘገያል። ቀዳዳዎቹ የሚመርጡት ቀለምም አብሮ ይቀየራል። እኔ ግን ሳስብ የነበረው በዙሪያቸው አየር ብቻ እንዳለ ነው።"

እዚያው ሆና፣ አክስቷም እንድትሰማ የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርጋ ለአስተማሪዋ ለአምሀ ደወለችና ያዩትን ነገረችው።

"ሌሎችም ያዩት ነገር ነው" አላት። ፊቷ ሲጠቁር ካውሰር አዩ። "ያንቺ ግን ንጹሕ ዘይትና የተደባለቀ ዘይት ይለያል?"

"አላውቅም።"

ካውሰር ይህን ሲሰሙ ከጎረቤት ሱቅ ሌላ ዓይነት ዘይት አስመጡ። ደባልቀው ጠብ አደረጉ። ቀይ ነው፤ ልዩነቱ በዓይን አይታይም። ካውሰር ቅር አላቸው። ፈርሃና ግን ኮምፒውተሯን የሱቁ ባንኮኒ ላይ ከፍታ፣ ልዩነቱ በዓይን እንዲታይ የቀዳዳዎቹን ርቀት መቀየር ጀምራ ነበር።