«ዋንዳ»ን ያስቀደምን ዕለት

«ክቡራትና ክቡራን» አለ የባዛሩ አስተዋዋቂ ድምፁን አወፍሮ፣ «ነጭ ፒካፕ ያቆሙ ሰው መብራቱን ሳያጠፉ ሄደዋል።» ሕዝቡ በሐዘኔታ ከንፈሩን መጠጠ። ቀጥሎ በዚያው ድምፅ እኛን አስተዋወቀ።

እኔ ቤዝ ጊታር እመታለሁ። ዘፋኛችንን ቬርሎን ተትልን መላው የአዮዋ ግዛት የሚያውቀው በአንድ ዘፈን ነው፤ «ዋንዳ፣ ዝናቡ መጣ»። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የምንጨርሰው በሷ ነው። ቀድማ ከተዘፈነች ሰው ታጣፊ ወንበሩን ሰብስቦ የባዛሩን የአሳማ ሩጫ ውድድር ሊያይ ይሄዳል። ቬርሎን ግን ስምንት አዲስ ዘፈን ሠርቶ፣ የሚሰማው ፍለጋ እረፍት አጥቷል። ከመድረኩ ኋላ ወዲያ ወዲህ ይላል፤ የሸሚዙን ቁልፍ ይፈታል፣ መልሶ ይቆልፋል።

«ዛሬ ዋንዳን አስቀድማታለሁ» አለ። «የሚሄድ ይሂድ። የቀረው ለኔ ብሎ የቀረ ነው።»

«የሚቀሩትማ ወንበራቸው አልታጠፍ ያላቸው ናቸው» አለ ከበሮ መቺው ዴልበርት።

«እናንተን አልሰለቸቻችሁም?»

«ኧረ አንገሽግሻናለች» አልን።

ሚስቱ ዶሪን ኮሌታውን አስተካከለችለት። «አዲሶቹ ይበልጣሉ፣ የኔ ጌታ። እኔ እንደሆን ለነሱ ነው የመጣሁት» አለችና ሄዳ ፊት ረድፍ ላይ ተቀመጠች።

ወጣን። ቬርሎን «ዋንዳ ትቅደም፣ ከዚያ አዲሶቹን እናሰማችኋለን» ብሎ ጀመረ። ሰዉ አብሮ ዘፈነ። አሮጊቶች ተነሥተው ተወዛወዙ፤ አንድ ወፍራም ሰውዬ በቆሎውን እየጋጠ አለቀሰ።

ዘፈኑ አለቀ፣ ጭብጨባውም በረደ። ማን ቀድሞ እንደሚነሣ ለማየት ቀና አልኩ። የሚነሣ የለም። እንዲያውም የቆሙት ተቀመጡ። አንዲት ሴትዮ ባሏን በክርኗ ጎሰም አድርጋ «ዝም በል፣ አዲሶቹ ሊጀመሩ ነው» አለችው።

ደስ ብሎኝ ወደ ዴልበርት ዞርኩ። የከበሮውን የነሐስ ሲምባል ፈትቶ ቦርሳ ውስጥ እየከተተ ነው። የኔም ጊታር የኤሌክትሪክ ገመዱ ተነቅሎ ክንዴ ላይ ተጠቅልሏል፤ መቼ እንደነቀልኩት እንጃ። ዶሪን ደግሞ ቲሸርት የምንሸጥበት ጠረጴዛ ጋ ደርሳ ትልቁን ከትንሹ እየለየች ትደረድራለች።

ቬርሎን ማይክሮፎኑ ፊት ቆሟል። ሰዉ ይጠብቃል። ከዋንዳ በኋላ ሁልጊዜ እንደሚያደርገው ዓይኑን ጨፍኖ ባርኔጣውን አነሣና፣

«እግዜር ይባርካችሁ፤ በሰላም ግቡ» አለ።